የሳልሞኔላ ኤች አንቲጂን አልወጣ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ሳልሞኔላ የተባለው ባክቴሪያ በካውፍማን-ዋይት ሥርዓት ወደ ሴሮቫሮች (በሴረም ወደሚለዩ ዓይነቶች) የሚመደበው በሴሉ ገጽ ላይ ባለው ኦ አንቲጂንና በፍላጀላው (በመዋኛ ጅራቱ) ኤች አንቲጂን ነው። አንቲጂን በሴረም ውስጥ ያለ ፀረ እንግዳ አካል የሚይዘው ክፍል ነው፤ ሲይዘው ባክቴሪያው ስላይድ ላይ ይጓጉላል። አብዛኞቹ ሴሮቫሮች ሁለት የፍላጀሊን ጂኖች አሏቸው፦ ፍሊሲ (fliC) የምዕራፍ 1ን፣ ፍልጅቢ (fljB) የምዕራፍ 2ን ፍላጀላ ይሠራል፤ ምዕራፍ ማለት ከሁለቱ የፍላጀላ ዓይነቶች አንዱ ነው። የፍሊሲ ሁለቱ ጫፎች ከሴሮቫር ሴሮቫር እምብዛም አይለያዩም። የሚለያየው መሐሉ ነው፤ ሴረሙ የሚይዘውም ከፍላጀላው ውጭ የሚታየውን ይህንኑ ክፍል ነው።

ኦ በግልጽ ወጥቶ ኤች በየትኛውም ሴረም አልጓጎለም

ሁለት ነገሮችን ይጠርጥሩ። አንደኛ፣ ባክቴሪያው በጠንካራ አጋር (ባክቴሪያ በሚያድግበት ጄል) ላይ ደጋግሞ ሲዛወር ፍላጀላው ሳስቷል። ሁለተኛ፣ በፈሳሽ የተበጠበጠው ባክቴሪያ (ሳስፔንሽኑ) ተፈልቷል። ቪአይ የተባለው የሽፋን አንቲጂን ኦን ሲሸፍን ማፍላት ልክ ነው፤ ለኤች ግን ፍላጀላውን ያጠፋል። ለኤች ያልተፈላ፣ ከአዲስና እርጥበቱ ካልደረቀ አጋር የተነሳ ባክቴሪያ ለብቻ ያዘጋጁ።

ፍላጀላው ከሳሳ በክሬጊ ቱቦ ያሳልፉት። ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ አጋር ባለው ለስላሳ ሚዲየም ውስጥ ሁለት ጫፉ ክፍት የሆነ ትንሽ የመስታወት ቱቦ ይቆማል፤ አፉ ከሚዲየሙ በላይ መውጣት አለበት። በውስጠኛው ቱቦ ይዝሩ፣ በ37 ዲግሪ ያሳድሩ፣ ከውጭ በኩል ያንሱ። እዚያ የደረሰው የዋኘው ብቻ ነው። አንድ ዙር ካልበቃ ይድገሙ። ጋሊናረምና ፑሎረም የተባሉት ሳልሞኔላዎች ግን ከተፈጥሯቸው ፍላጀላ የላቸውም፤ ሴረም አያባክኑባቸው።

በሳላይን (ሴረም በሌለው የጨው ውሃ) ብቻም ይጓጉላል

ሻካራ ሆኗል፤ የኦ ሰንሰለቱ ጠፍቷል። ያልሻከረ ቅኝ (ኮሎኒ) ይፈልጉ፤ ካልተገኘ ወደ ፒሲአር (ጂንን አባዝቶ ወደሚያሳይ ምርመራ) ይሂዱ። ከደቂቃ በላይ ከቆየ ስላይድ ላይ የሚታየው ደግሞ ብዙ ጊዜ መድረቅ ነው።

አንድ ምዕራፍ ብቻ ወጣ

ብዙ ስህተት የሚፈጸመው እዚህ ነው። አንድ ሴል በአንድ ጊዜ የሚለብሰው አንዱን ፍላጀላ ነው። ሂን የተባለው ኢንዛይም 1,000 ቤዝ ጥንድ ያህል ርዝመት ያለውን የዲኤንኤ ክፍል ይገለብጣል። በአንዱ አቅጣጫ ፍልጅቢ፣ ፍሊሲን ከሚያፍነው ፍልጅኤ (fljA) ጂን ጋር አብሮ ይሠራል፤ በሌላው ሁለቱም ይዘጉና ፍሊሲ ይከፈታል። መገልበጡ ብርቅ ስለሆነ አንድ ቅኝ ሙሉ በሙሉ በአንድ ምዕራፍ ላይ ሊገኝ ይችላል።

ስለዚህ የታወቀውን ምዕራፍ በሴረም አግዱት። ቀልጦ ወደ 45–50 ዲግሪ በቀዘቀዘ ለስላሳ አጋር ላይ፣ ለምሳሌ ኤች፡አይ (i በሚለው ፊደል የሚጠራው ኤች አንቲጂን) ወጥቶ ከሆነ፣ የአይ ሴረም ጨምረው ሳህን ላይ ያፍስሱ፤ መጠኑን ከሴረሙ መመሪያ ይውሰዱ። ሲረጋ መሐሉን ይዝሩ፣ ሳህኑን ሳይገለብጡ በ37 ዲግሪ ያሳድሩ። ከተስፋፋው ጠርዝ አንስተው ይፈትሹ።

ጠርዙ አሁንም አይ ከሰጠ ሴረሙ አንሷል ወይም ደክሟል። ምንም ካልተስፋፋ አጋሩ ጠንክሯል ወይም ደርቋል፤ ያለ ሴረም የተዘጋጀ መቆጣጠሪያ ሳህን ካልነበረ ግን ይህን መለየት አይቻልም።

ደጋግመው ሞክረው ሁለተኛው ካልመጣ ሴሮቫሩን ይመልከቱ። ኢንተራይቲዲስ (ጂ፣ኤም) እና ደብሊን (ጂ፣ፒ) ባለ አንድ ምዕራፍ ናቸው፤ አብዛኛው ታይፊም ዲ ብቻ ነው። ቀመሩ 4,5,12፡አይ፡– (የኦ ቁጥሮች፣ ምዕራፍ 1፣ ምዕራፍ 2 የለም) ከሆነ ግን ባለ አንድ ምዕራፉን የታይፊሚዩሪየም ተለዋጭ ይጠርጥሩ፤ በፒሲአር ሳያረጋግጡ አይመዝግቡ። በፍሊቢና ፍሊኤ (fliB እና fliA) ጂኖች መካከል ያለው ክፍል 1,000 ቤዝ ጥንድ ያህል ከሰጠ የታይፊሚዩሪየም ወገን ነው፤ ሌሎች ሴሮቫሮች 250 ገደማ ይሰጣሉ። የፍልጅቢው 1,389 ቤዝ ጥንድ ባንድ ከጠፋ ተለዋጩ ነው።

ፒሲአር ፍልጅቢ አለ ይላል፣ ሴረሙ የለም ይላል

ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ፒሲአር የሚያሳየው ባክቴሪያው የያዘውን ጂን ነው፤ ሴረሙ የሚያሳየው በዚያች ሰዓት የለበሰውን ነው። የሂን መበላሸት ወይም የአስጀማሪው (ጂኑን የሚያስነሳው የዲኤንኤ ክፍል) መጉደል ጂኑን ሳያጠፋ ዝም ያሰኘዋል። ውጤቱን ሲጽፉ ሁለቱን ለየብቻ ይመዝግቡ፤ በጂን የተገኘውን በሴረም እንደታየ አድርጎ መጻፍ ወረርሽኝ ሲመረመር ተመሳሳይ የሆኑትን ባክቴሪያዎች ይነጣጥላል።