የመመረቂያ ርዕሳችሁን ከጅማ ቡና ጀምሩ

ጅማ ሆናችሁ ዓለም አቀፍ ግንኙነት የምትማሩ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ፍለጋን መጨረሻ ዓመት ላይ አትተዉት። ስለ አሜሪካና ቻይና ብትጽፉ መረጃችሁ ከኢንተርኔት አያልፍም።

ዲፓርትመንት እንደገባችሁ እዚሁ የምታገኙትን ርዕስ ያዙ። ለምሳሌ ቡና። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሕግ፣ ከ2020 ማብቂያ በኋላ ደኑ በተመነጠረ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ገበያው አይገባም። ማሳው የት እንዳለም በትክክል መታወቅ አለበት። የኅብረቱ መቀመጫ ብራስልስ ላይ የተወሰነው፣ ጅማ ዞን ጎማ ወረዳ ያለው ገበሬ ደጅ ደረሰ ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ ርዕስ ከየት ይመጣል?

ከዚያ የየኮርሱን ተርም ፔፐር በተቻለ መጠን በዚሁ ዙሪያ ጻፉ፤ አንዱ ስለ ንግድ፣ ሌላው ስለ ሕግ። መጨረሻ ላይ ንባቡ ተጠራቅሞ ይጠብቃችኋል። አንዱን ወረቀት ለሁለት መምህር ማስገባት ግን ፈጽሞ አይሆንም። አፋን ኦሮሞ የማትችሉ ደግሞ ለቃለ መጠይቅ ከሚችል ጓደኛ ጋር ውጡ።