ድምፅን እስከ ኋለኛው ረድፍ ማድረስ፦ በካቶሊክ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ድራማን ስለ ማስተማር

አዲስ አበባ ውስጥ በካቶሊክ ደናግል በሚመራ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ድራማ ለማስተማር የሚገባ መምህር በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የሚገጥመው ዝምታ ነው። ሃምሳ ከሚጠጉት ተማሪዎች አብዛኞቹ በለሆሳስ መናገርን፣ ዐይንን ሰበር ማድረግንና በትልቅ ሰው ፊት አንገት መድፋትን የጨዋ ልጅ ምልክት አድርገው ያደጉ ናቸው። ይህን አስተዳደግ መናቅ አይገባም፤ ሆኖም መድረክ ላይ የወጣች ልጅ ቃሏ በመጨረሻው ረድፍ የተቀመጠችው እናት ዘንድ ካልደረሰ ሌላው ድካም ሁሉ ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን አራት ሳምንታት ድርሰት ሳያነሡ ለድምፅና ለአቋም ብቻ እንዲያውሏቸው አጥብቄ እመክራለሁ።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው መልመጃ በልጆቹ አፍ ላይ አለ። ለእንቁጣጣሽ የሚዘፈነውን አበባየሆሽን የማታውቅ ተማሪ ከስንት አንዷ ናት። ተማሪዎቹን ወደ ግቢ ያውጡና አንዷን አውራጅ አድርገው ከጓደኞቿ ሃያ እርምጃ ያርቋት፤ እርሷ ስታወርድ የቀሩት «ለምለም» እያሉ ይቀበሉ፤ በየዙሩ አምስት እርምጃ ትጨምር። ልጅቱ ከጉሮሮዋ እየጮኸች ከሆነ በሦስተኛው ዙር ድምፅዋ ይሻክራል፤ ያን ጊዜ እጇን ሆዷ ላይ አስደርገው ትንፋሹ ከየት መነሣት እንዳለበት ያሳዩአት። ቀጥሎ ፉከራና ቀረርቶ ያስገቡ። ይህ በተለምዶ የወንድ ድርሻ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ሳቅና እፍረት ይበዛል፤ ነገር ግን እግሯን ገጥማ ትከሻዋን ሰብራ መፎከር የማይቻል መሆኑን እያንዳንዷ በራሷ አካል ስለምትረዳው፣ ስለ አቋም ከሚሰጥ ረጅም ገለጻ አንድ ፉከራ ይበልጣል። ግጥሙን ስለ ሒሳብ ፈተናም ቢሆን ራሳቸው ይግጠሙት።

ሁሉም ተማሪዎች ሴቶች መሆናቸውን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ መምህራን አጋጥመውኛል፤ እኔ ግን ትልቁ ሀብታችን እርሱ ነው ብዬ አምናለሁ። በአገራችን ዘመናዊ ቴአትር ጅማሬ የሴት ገጸ ባሕርያትን የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ፤ እዚህ ደግሞ ንጉሡም፣ ዳኛውም፣ ሌባውም ልጃገረድ ናት። በቅይጥ ክፍል ውስጥ ብትሆን አልቃሽ እኅት ብቻ ትሆን የነበረች ልጅ ፍርድ ትሰጣለች። የወንድ ሚና የያዘችውን ግን ጢም አያስለጥፏት፤ ድምፅዋንም እንድታጎረንን አይፍቀዱ። ሰውየው ምን ይፈልጋል፣ ማንን ይፈራል፣ ጋቢውን እንዴት ይለብሳል የሚሉትን ጥያቄዎች ይስጧት። ጋቢውን አጣፍቶ በዝግታ የሚራመድ ሰውና በጌታው ፊት አደግድጎ የቆመ ሰው አንድ ቃል ሳይናገሩ ይለያሉ።

ወደ ድርሰት ሲሸጋገሩ በ1ኛ መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 3 ከቁጥር 16 እስከ 28 ባለው የሰሎሞን ፍርድ እንዲጀምሩ እመክራለሁ። በካቶሊክ ትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ ኦርቶዶክሶች፣ ፕሮቴስታንቶችና ሙስሊሞች አብረው ይማራሉ፤ ይህ ታሪክ ደግሞ በእስልምናም ትውፊት አምሳያ ስላለው አንዷንም ባይተዋር አያደርጋትም። ክፍሉን በሰባት በሰባት ይክፈሉት፦ ሁለት እናቶች፣ ንጉሥ፣ ሰይፍ ያዥ፣ ሁለት የችሎት ታዳሚዎችና አንዲት ተመልካች። ተመልካቿ የምትጫወተው ነገር የለም፤ ያየችውን ጽፋ ለቡድኑ ታነባለች፤ ይህም ከሚናዎቹ ሁሉ የማያንስ ሥራ መሆኑን በግልጽ ይንገሯት።

በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ምንባቡ ይነበብና አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠየቃል፦ እውነተኛዋ እናት ቀድማ የተናገረችው ናት ወይስ ሁለተኛዋ? መጽሐፉ ሕፃኑ እንዲከፈል እስኪታዘዝ ድረስ የእናቲቱን ማንነት አይገልጥም፤ ከዚያም በኋላ የትኛዋ ቀድማ እንደተናገረች አይነግረንም። ስለዚህ ገሚሶቹ ቡድኖች በአንዱ፣ ገሚሶቹ በሌላው መንገድ ይሥሩት፤ ያው ንግግር በእውነተኛ አፍና በውሸተኛ አፍ ሲነገር እንዴት እንደሚለወጥ ማየት ለተማሪዎቹ ትልቅ ግኝት ነው። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ድርሰቱ ይታጠፍና ክርክሩ በድሮው ሙግት ወግ፣ በበላ ልበልሃ፣ ይካሄድ፤ እያንዳንዷ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ጣቷን ቀስራ፣ ነገሯን በምሳሌና ቤት በሚመታ ቃል ታቅርብ። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ለአንዲት ቅጽበት ብቻ ይዋል፦ እናቲቱ ልጇን ለሌላዋ ስትለቅ። ተማሪዎች እዚህ ላይ ማልቀስና መጮህ ይወዳሉ። እርስዎ ግን ሰይፉ ከተነሣ በኋላ በውስጧ እስከ ሰባት ቆጥራ እንድትናገር፣ ስትናገርም ዐይኖቿ ሕፃኑን ወክሎ ከተጠቀለለው ነጠላ እንዳይነሡ ያድርጉ። ምንባቡ ሴቶቹን ጋለሞቶች ይላቸዋል፤ በታችኛው ክፍል «ሁለት ሴቶች» ማለት ይበቃል፤ ከ9ኛ ክፍል በላይ ግን ቃሉን ባይሸሹት ደስ ይለኛል፤ ንጉሡ እነዚህን ሴቶች አቁሞ መስማቱ የታሪኩ አንድ ትልቅ ነገር ነውና።

ርዕሰ መምህርቷን ሲስተር ከሥራው መጀመሪያ ጀምሮ አጋር ያድርጓቸው። ሚና ከመከፋፈሉ በፊት የአንድ ገጽ ጭብጥ፣ ቀጥሎም ሙሉውን ቃለ ተውኔት ይስጧቸው፤ ድርሰቱ በመጨረሻው ሳምንት ቢታገድ የሚጎዱት ልጆቹ ናቸው። ቴአትር ለገዳም ባዕድ ነው የሚል ጥርጣሬ ከተነሣ፣ በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጀርመን ጋንደርስሃይም ገዳም የኖረችው ሮስቪታ በላቲን ስድስት ተውኔቶች መጻፏን፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም በወጣትነታቸው በናዚ ወረራ ዘመን በክራኮቭ በኅቡዕ ይሠራ በነበረ የቴአትር ቡድን ተዋናይ እንደነበሩ ማንሣት ይቻላል። በበኩልዎ ደግሞ ድንበሩን ያክብሩ፦ የቅዳሴን ቃላት ለጨዋታ አያውሉ፣ የተባረከ ልብሰ ተክህኖ ለአልባሳት አይዋሱ፤ ክርስቶስንም ሆነ እመቤታችንን በአካል ከማሳየት በብርሃን ወይም ከመጋረጃ ጀርባ በሚሰማ ድምፅ መወከል ለብዙ ወላጆች ይቀላል።

ለዓመቱ ትልቅ ዝግጅት ጉዳይ ለሚፈልግ መምህር የቅድስት ዮሴፊን ባኪታን ሕይወት አቀርባለሁ። በዳርፉር ተወልዳ፣ በልጅነቷ ተሰርቃ በባርነት የተሸጠችው፣ በኋላም በጣሊያን መነኩሴ የሆነችው ይህች ሴት እ.ኤ.አ. በ2000 ቅድስናዋ ታውጇል፤ የካቲት 1 ቀን የሚውለው በዓሏም የሰው ንግድ ሰለባዎች የሚታሰቡበት ዕለት ነው። በየክፍሉ እኅቷ ወይም አክስቷ በዐረብ አገር ቤት ሠራተኛ ሆና የምትኖር ልጅ ስላለች ታሪኩ ሩቅ አይሆንም። ቅርበቱ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ድብደባን በግላጭ አያሳዩ፤ ልጅን ለማስለቀስ የራሷን ቁስል እንድታስታውስ ፈጽሞ አይጠይቁ፤ በልምምድ መካከል ያልተጠበቀ ነገር የምትናገር ልጅ ብትኖር በጓደኞቿ ፊት አያስቀጥሏት፤ ሌሎቹን በሥራ ይያዙና ለብቻዋ ካዳመጧት በኋላ በዚያው ዕለት ከትምህርት ቤቱ የምክር አገልግሎት ጋር ያገናኟት።

የልምምድ መርሐ ግብር ሲያወጡ የጾሙን አቆጣጠር ከፊትዎ ያኑሩ። በሁዳዴና በረመዳን ወራት እህልና ውኃ ሳይቀምሱ የዋሉ ልጆች ስለሚኖሩ ሩጫና ጩኸት ያለበትን ትዕይንት ወደ ጠዋት ያምጡት፤ ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ ማንበብ ይበቃል። ከትምህርት በኋላ የሚደረግ ልምምድ ከ11 ሰዓት አይለፍ፤ ሰዓቱም ለወላጆች በደብዳቤ ይገለጥ። ሴት ልጅ መሸባት ማለት በቀጣዩ ሳምንት አትመጣም ማለት ነው።

ማርክ ሲሰጡ ተሰጥኦን አይመዝኑ። እኔ የምመዝነው የልምምድ ደብተሯን፣ ሰዓት ማክበሯንና ሌላዋ ስትናገር ማዳመጧን ነው።

ከወላጆች ቀን አንድ ሳምንት አስቀድመው ሥራውን ለታችኛው ክፍል ልጆች ያሳዩ። እርስዎ በመጨረሻው ረድፍ፣ ከትንሿ ልጅ አጠገብ ይቀመጡና የመድረኩን ሳይሆን የእርሷን ፊት ይመልከቱ፤ «ምን አለች?» ብላ ወደ ጎረቤቷ በዞረች ቁጥር ትዕይንቱን በደብተርዎ ላይ ምልክት ያድርጉበት፤ በቀሩት ቀናት የሚለማመዱት እነዚያን ቦታዎች ብቻ ነው።