ልጆቹን ደጅ አውጡ፣ ቀለሙን ከአፈር ሥሩ

ቤት ውስጥ ቀለም ሲከፈት ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ልጁ ይስላል፣ እናንተ ምንጣፉን ትጠብቃላችሁ። "ቀስ በል!" "ሶፋውን እንዳትነካ!" ሥዕሉ ሳያልቅ ሁለታችሁም ትሰለቻላችሁ። ደጅ ግን ቢፈስም መሬት ላይ ነው። ግማሹን ሥራ ደግሞ ፀሐይና ነፋስ ያግዟችኋል።

መጀመሪያ የሚጣሉ ነገሮችን አጠራቅሙ። ካርቶን፣ የውሃ ሃይላንድ፣ የእርጎ ስኒ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ ሲባጎ ይበቃል። ልጆቹን አሮጌ ልብስ አልብሷቸውና ውጡ።

የአፈር ቀለም

እኔ ከሁሉም የምወደው ይሄንን ነው። ወጪ የለውም፣ ልጆች ደግሞ ጭቃ ሲፈቀድላቸው ደስታቸው ሌላ ነው።

1. ሁለት ሦስት ዓይነት አፈር ፈልጉ። ፍለጋውን ለልጆቹ ተዉላቸው። አንድ ግቢ ውስጥ ስንት ዓይነት ቡናማ እንዳለ ያኔ ነው የሚታየው። ቀዩን አፈር ያቀላው ውስጡ ያለ ብረት ነው፤ ልክ እንደ ዝገት። ከመኪና መንገድ ዳር፣ እንስሳት ከሚጸዳዱበት ቦታና አሮጌ ቀለሙ ከተላጠ ግድግዳ ሥር ግን አትውሰዱ።

2. አፈሩን ፀሐይ ላይ አድርቁት። ከዚያ በድንጋይ አድቅቁትና ባረጀ የሻይ ማጥለያ ንፉት። ይሄን ደረጃ አትዝለሉት። ጠጠርና አሸዋ ከቀረበት ብሩሹ ይጭራል እንጂ አይቀባም።

3. ለሁለት ማንኪያ አፈር አንድ ማንኪያ ነጭ ኮላና አንድ ማንኪያ ውሃ ጨምሩ። እርጎ እስኪመስል አማስሉት። ከወፈረ ውሃ ጠብ አድርጉ።

4. ካርቶን ላይ በብሩሽ ወይም በጣት ቀቡ። ወረቀት ስለሚጨማደድ ካርቶን ይሻላል። ጥቁር ካስፈለገ የደቀቀ ከሰል እንደ አፈሩ ይቀላቀላል።

ኮላውን "ምን ያደርጋል" ብዬ የተውኩት ቀን ነበር። ሥዕሉ እርጥብ እያለ በጣም ያምራል። በማግስቱ ካርቶኑን ቀና ሳደርገው ግን ከላይ የነበረችው ትልቅ ቀይ ፀሐይ ዱቄት ሆና እግሬ ላይ ወረደች። ልጄ ዝም ብላ አየችኝና "ፀሐይዋ ጠለቀች" አለች። ከዚያ ወዲህ ኮላ ረስቼ አላውቅም።

በነገራችን ላይ ሙያው የቆየ ነው። ደቡብ አፍሪካ ብሎምቦስ በሚባል ዋሻ ውስጥ፣ ከ100,000 ዓመት በፊት ሰዎች ቀይ የማዕድን አፈር ፈጭተው በባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ውስጥ ሲያዋህዱ እንደነበር ማስረጃ ተገኝቷል። የእኛ የእርጎ ስኒ የእነሱ ቅርፊት ነው።

ጥላ መያዝ

ይሄ ጠዋት ወይም ወደ ማታ፣ ጥላ ሲረዝም ነው የሚሠራው። እኩለ ቀን ላይ ጥላው እግር ሥር ስለሚሰበሰብ የሚሳል ነገር አይኖርም።

የካርቶን ሳጥን ዘርግታችሁ መሬት ላይ አንጥፉ። ፀሐይ በምትመጣበት በኩል፣ ጠርዙ ላይ የእንስሳት መጫወቻዎችን ደርድሩ። ጥላቸው ካርቶኑ ላይ ሲያርፍ ልጁ ዙሪያውን በእርሳስ ይከተላል። ችግሩ ልጆች ሲስሉ ሥዕሉ ላይ ድፍት ይላሉ፤ የራሳቸው ጥላ ሁሉንም ይውጠዋል። ፊታቸውን ወደ መጫወቻዎቹ አዙረው፣ ከካርቶኑ ማዶ ይቀመጡ። ወደ ፀሐይዋ ግን ቀና ብለው እንዳያዩ ንገሯቸው።

ዝሆኑን ከግንባሩ ጀምሮ ቀስ እያለ የሚስል ልጅ ጭራው ጋ ሲደርስ ጥላው ሸሽቶ ያገኘዋል። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር ነው። "ተበላሸ" ብሎ ሲያኮርፍ ለማረም አትቸኩሉ። ሌላ ቀለም ስጡትና አዲሱንም ጥላ ይሳለው። ሁለት ጭራ ያለው ዝሆን ከአንድ ጭራው ዝሆን ይበልጣል፤ ቢያንስ እኛ ቤት።

ፀሐይ የምትስለው

ደማቅ ባለቀለም ወረቀት ያስፈልጋል። ርካሹ ቶሎ ስለሚደበዝዝ ለዚህ እሱ ይመረጣል። ወረቀቱ ላይ ቁልፍ፣ ቅጠል፣ መቀስ፣ ደስ ያላችሁን አስቀምጡ። ነፋስ እንዳይወስደው ጠርዙን በድንጋይ ያዙት። ኃይለኛ ፀሐይ ላይ ግማሽ ቀን ተዉት፤ ካልበቃ ነገም ይደገም። ዕቃዎቹን ስታነሱ ዙሪያው ነጥቶ፣ የተሸፈነው ቦታ እንደነበረ ቀርቶ ታገኙታላችሁ። ልጆች በየአምስት ደቂቃው ገልጠው ማየት ይፈልጋሉ፤ ከተነሳ ቅርጹ ይደበላለቃል። ስለዚህ ይሄንን ቀድማችሁ አስቀምጡና ወደ ጭቃው ሂዱ።

የነፋስ ጌጥ

የሃይላንዱን ቂጥ ቆርጣችሁ አውጡ። ከታች ጀምራችሁ፣ ብርቱካን ሳይበጠስ እንደሚላጠው፣ ዙሪያውን እየዞራችሁ ሁለት ጣት በሚያህል ስፋት እስከ አንገቱ ድረስ ቁረጡት። የተቆረጠ ፕላስቲክ ስለት አለው፤ መቀሱን አዋቂ ይያዝ፣ ሹል ጠርዙም ፕላስተር ይለጠፍበት። ልጆቹ ውሃ በማያስለቅቀው ማርከር ያሸብርቁት። አንገቱን በሲባጎ አስራችሁ ዛፍ ላይ ስትሰቅሉት ነፋስ በመጣ ቁጥር ይሽከረከራል። ጌጥ ሲበዛ ስለሚከብድ ቆርኪ ምናምን አታንጠልጥሉበት። ቆርኪ ለትንንሽ ልጆችም ጥሩ አይደለም፣ አፋቸው ውስጥ ይገባል።

ስትጨርሱ እጅ በሳሙና ይታጠብ። የተረፈውን የአፈር ቀለም ግን መታጠቢያው ውስጥ እንዳትደፉት፣ ቱቦ ይደፍናል። ስኒው ውስጥ ይድረቅና ከነስኒው ይጣል። ኮላ ያልነካውን ዱቄት ክዳን ባለው ዕቃ አኑሩት፤ ነገም "ጭቃውስ?" ማለታቸው አይቀርም።