በትራክ የመንዳት ቀን የዙር ሰዓት መለኪያን እንዴት መጠቀም ይቻላል?

ለሽልማት ሳይሆን መኪናቸውንና የራሳቸውን አነዳድ ለማወቅ ሲሉ ለትራፊክ በተዘጋ ሥፍራ የሚነዱ ሰዎች፣ ከመኪናቸው ሲወርዱ በቅድሚያ የሚጠይቁት «ስንት ሰከንድ ገባሁ?» ብለው ነው። ከዚህ ይልቅ የሚጠቅመው ጥያቄ «ሰከንዱ የጠፋብኝ የት ላይ ነው?» የሚለው ሲሆን፣ በተለምዶ ላፕ ታይመር የሚባለው የዙር ሰዓት መለኪያ በአግባቡ ከተገጠመና ከተነበበ ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት ይችላል። እኛ ድሬዳዋ ላይ የምንነዳው ከባለቤቱ ፈቃድ ወስደን ለግማሽ ቀን በምንዘጋው ሰፊ የአስፋልት ሜዳ ላይ ኮን ደርድረን ስለሆነ፣ ከዚህ በታች ያሉት ምሳሌዎች የአንድ ዙር ርዝመት አንድ ደቂቃ ገደማ በሆነበት እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ የተመሠረቱ ናቸው፤ ስሌቱ ግን ለማንኛውም ትራክ ይሠራል።

ከሁሉ በፊት የማይታለፍ ጉዳይ አለ። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚያወጣው የደንገጎ ጠመዝማዛ መንገድ መኪና ለሚወድ ሰው ፈተና መሆኑን አውቃለሁ። ሆኖም የጭነት መኪና፣ ሚኒባስ፣ ግመልና እግረኛ በሚጋሩት መንገድ ላይ ሰዓት እየያዙ መንዳት የሰው ሕይወት አሲዞ መጫወት ነውና፣ መለኪያው ከተዘጋው ሜዳ ውጭ ፈጽሞ መከፈት የለበትም። በተዘጋው ሜዳም ቢሆን አዘጋጁን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። በጀርመን የሚገኘው የኑርቡርግሪንግ ትራክ ለሕዝብ ክፍት በሚሆንባቸው ጊዜያት የዙር ሰዓት መያዝ የተከለከለ ሲሆን፣ በብሪታንያም ብዙ የትራክ ቀን አዘጋጆች ይከለክላሉ፤ ሰዓት ከተያዘ መንዳቱ እንደ ውድድር ስለሚቆጠር የመድን ሽፋኑ ጥያቄ ውስጥ ይገባል፣ ነጂዎችም እርስ በርስ መፎካከር ይጀምራሉ።

መለኪያውን መምረጥ

ርካሹ መንገድ አንድ ጓደኛ በመነሻው መስመር ትይዩ፣ ከመኪናው መንገድ በቂ ርቀት ላይ ቆሞ በእጅ ሰዓት እንዲይዝ ማድረግ ነው። ሰው በዓይኑ ካየ በኋላ ጣቱ እስኪታዘዝ 0.2 ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ ይህ መዘግየት ዙሩ ሲጀመርም ሲያልቅም ስለሚኖር በከፊል ይካካሳል። ሰዓት የሚይዘው ሰው ቀኑን ሙሉ አንድ ሰው መሆን፣ የሚቆምበትም ቦታ መለዋወጥ የለበትም። በትልልቅ ትራኮች ላይ ደግሞ መኪናው ላይ የምትታሰር ትራንስፖንደር የተባለች ትንሽ መሣሪያ በአስፋልቱ ውስጥ በተቀበረ ሽቦ ላይ ስታልፍ ሰዓቱን እስከ ሺህኛ ሰከንድ ትመዘግባለች፤ ነገር ግን ሽቦው የተቀበረበትን ቦታ ማለፏን እንጂ በመካከሉ የሆነውን አትናገርም።

ለአማተር የሚበጀው በጂፒኤስ የሚሠራው ነው። እንደ ሬስክሮኖና ሃሪስ ላፕታይመር ያሉ መተግበሪያዎች በስማርትፎን ላይ ይሠራሉ፣ የኢንተርኔት መስመርም አይፈልጉም፤ የሜዳውን የሳተላይት ካርታ ቤት እያሉ ማውረድ ብቻ ይበቃል። ችግሩ የስልኩ ጂፒኤስ ብዙውን ጊዜ ቦታውን የሚመዘግበው በሰከንድ አንድ ጊዜ መሆኑ ነው። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 25 ሜትር ስለሚጓዝ፣ በሁለት ምዝገባዎች መካከል ያለው 25 ሜትር በግምት የሚሞላ ይሆናል። በሰከንድ 10 ጊዜ የሚመዘግብ ለብቻው የሚገዛ የጂፒኤስ መቀበያ ክፍተቱን ወደ 2.5 ሜትር፣ እንደ ሬስቦክስ ሚኒ ያለ በሰከንድ 25 ጊዜ የሚመዘግብ መሣሪያ ደግሞ ወደ 1 ሜትር ያወርደዋል። የዙር ሰዓት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ስልኩ ለመጀመሪያው ቀን ይበቃል፤ በአንድ ኩርባ ውስጥ ያለውን ልዩነት ማንበብ የሚፈልግ ግን መቀበያውን ቢገዛ ገንዘቡ አይባክንም፤ በብሉቱዝ ከዚያው ስልክ ጋር ይሠራል።

መሣሪያውን መግጠም

መቀበያው ሰማይን በግልጽ ማየት አለበት። ማግኔት ካለውና በአምራቹ ከተፈቀደ በመኪናው ጣሪያ መካከል፣ ካልሆነም በፊት መስታወቱ ሥር በዳሽቦርዱ ላይ ይቀመጣል፤ አንዳንድ መኪኖች መስታወታቸው ሙቀት ለመከላከል በብረት ነክ ልባስ የተሸፈነ ስለሆነ ምልክቱን ያዳክሙታል። በምንም መልኩ ሳይታሰር መተው የለበትም፤ ፍሬን በኃይል ሲያዝ በመኪናው ውስጥ ያለ ልቅ ዕቃ ሁሉ ወደ ፊት ይወረወራል።

የድሬ ፀሐይ የራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እንደ አይፎን ያሉ ስልኮች እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ አየር ውስጥ እንዲሠሩ የተሠሩ ሲሆን፣ በመስታወት ሥር ያለ ዳሽቦርድ ግን ከዚህ እጅግ ይበልጣል። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ቀን ስልኬን እዚያው ላይ አጣብቄ ስነዳ በአራተኛው ዙር ከሙቀት ብዛት ራሱን አጠፋና የጠዋቱ መረጃ በሙሉ ጠፋብኝ፤ መያዣውን ያጣበቀው ማጣበቂያም ለስልሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ውጭ የሚቀረው ትንሹ መቀበያ ብቻ ሲሆን፣ ስልኩ ዚፕ ባለው ኪስ ወይም በተዘጋ መሳቢያ ጥላ ውስጥ ይቀመጣል። መንዳቱንም ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ከ4 ሰዓት በፊት ማጠናቀቅ ለስልኩም፣ ለጎማውም፣ ሄልሜት ላጠለቀው ሰውም ይበጃል።

ከመነሳቱ በፊት የስልኩን የባትሪ ቁጠባ ማጥፋት፣ ጥሪና መልእክት እንዳይገባ መዝጋት፣ መቀበያውንም አብርቶ በግልጽ ሰማይ ሥር ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። ሳተላይቶቹን በደንብ ሳይዝ የተጀመረ ዙር የተሳሳተ ሰዓት ያስመዘግባል።

የመነሻና የክፍል መስመሮችን ማስመር

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የመነሻው መስመር ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ፣ ለእይታ በሚያመች ቦታ እንዲሆን የመፈለግ ዝንባሌ አለ፤ መሆን ያለበት ግን መኪናው በሚፈጥንበት ቀጥታ መንገድ ላይ ነው። ምክንያቱ ቀላል ስሌት ነው፦ ጂፒኤሱ መስመሩን 1 ሜትር ቢስት፣ መኪናው በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር እየሄደ ከሆነ ስህተቱ 0.04 ሰከንድ ሲሆን፣ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር በሚሄድበት ኩርባ ላይ ከሆነ ግን 0.1 ሰከንድ ይደርሳል። መሣሪያው ሳይቀየር፣ አንዲት ሳንቲም ሳትወጣ፣ መስመሩን በማዛወር ብቻ ስህተቱ ከግማሽ በታች ይወርዳል ማለት ነው። በተጨማሪም በጠባብ ሜዳ ላይ ሁለት ቀጥታ መንገዶች ጎን ለጎን ስለሚሆኑ፣ በመተግበሪያው ላይ የሚሰመረው መስመር አጠር ብሎ የራሱን መንገድ ብቻ የሚያቋርጥ መሆን ይኖርበታል፤ አለበለዚያ አንዱ ዙር እንደ ሁለት ይቆጠራል።

ከዚያም ዙሩን በሁለት መስመሮች ወደ ሦስት ክፍሎች መከፋፈል ነው። የክፍል መስመር በኩርባ መካከል አይሰመርም። እያንዳንዱ ኩርባ ከእርሱ በኋላ ከሚመጣው ቀጥታ መንገድ ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ እንዲውል ማድረግ ይገባል፤ ምክንያቱም ኩርባው ላይ የሠራነው ስህተት ዋጋውን የሚያስከፍለን በኩርባው ውስጥ ሳይሆን ከወጣን በኋላ ባለው ርዝመት ሁሉ ላይ ነው። ፈጥኖ የገባ ሰው በኩርባው ውስጥ 0.2 ሰከንድ አትርፎ፣ መሪው ሳይቃና ነዳጅ መስጠት ስለማይችል በቀጥታው ላይ 0.5 ሰከንድ ሊያጣ ይችላል። መስመሩ በመካከል ከተሰመረ መለኪያው ለመጀመሪያው ክፍል ምስጋና ይሰጠዋል፣ ኪሳራውንም በሌላ ክፍል ስም ይጽፈዋል።

መንዳት

የመጀመሪያው ዙር ጎማና ፍሬን ማሞቂያ፣ የመጨረሻው ደግሞ ማቀዝቀዣ ስለሆነ ሁለቱም ከሂሳቡ ይወጣሉ። በመካከሉ አራት ወይም አምስት ዙር ይበቃል። አንዳንድ መሣሪያዎች ከምርጡ ዙር በምን ያህል እንደቀደምን ወይም እንደዘገየን እየነዳን ሳለ በመደመርና በመቀነስ ምልክት ያሳያሉ። ልምድ ለሌለው ነጂ ይህ ጎጂ ነው ብዬ አምናለሁ። ዓይን ወደ ስክሪኑ ለአንድ ሰከንድ ቢወርድ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚሄደው መኪና 25 ሜትር ሳይታይ ይጓዛል፤ ከዚህም በላይ ቁጥሩ መዘግየትን ሲያሳይ ሰው የጎደለውን ለማካካስ በሚቀጥለው ኩርባ ፍሬኑን ያዘገያል። ስክሪኑ ይዘጋ፣ መሣሪያው ብቻውን ይመዝግብ፣ ንባቡ ከመኪና ወርዶ በጥላ ሥር ይሁን።

መረጃውን ማንበብ

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሦስተኛው ዙር በሦስቱ ክፍሎች 18.4፣ 21.0 እና 18.2 ሰከንድ ሆኖ ድምሩ 57.6 ነው። አራተኛው ዙር 18.1፣ 21.9 እና 17.8 ሆኖ ድምሩ 57.8 ነው። የዙሩን ሰዓት ብቻ የሚያይ ሰው አራተኛው በ0.2 ሰከንድ የከፋ መሆኑን አይቶ ያልፋል። መተግበሪያው ደግሞ ከየክፍሉ ምርጡን መርጦ 18.1፣ 21.0 እና 17.8 በመደመር «ሊደረስበት የሚችለው ምርጥ ዙር 56.9 ነው» ይላል። ይህን ቁጥር እንዳለ መቀበል ስህተት ነው። በአራተኛው ዙር የመጀመሪያው ክፍል 0.3 ሰከንድ ያሻሻለው ነጂው ወደሚቀጥለው ኩርባ ከሚገባው በላይ ፈጥኖ ስለደረሰ ሊሆን ይችላል፤ በሁለተኛው ክፍል 0.9 ሰከንድ የጠፋውም በዚሁ ምክንያት እንደሆነ መጠርጠር ይገባል። እንዲያ ከሆነ 18.1 እና 21.0 በአንድ ዙር ውስጥ አብረው ሊገኙ አይችሉም። በእውነት ሊደረስበት የሚችለው 18.4፣ 21.0 እና 17.8፣ ማለትም 57.2 ይሆናል።

ጥርጣሬውን ለማረጋገጥ የሁለቱን ዙሮች የፍጥነት መስመር፣ ማለትም መኪናው በየቦታው የነበረውን ፍጥነት መተግበሪያው የሚያሳይበትን ግራፍ፣ አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ ማየት ነው። መስመሩ በድንገት የሚወድቅበት ነጥብ ፍሬን የተያዘበት፣ ዝቅተኛው ነጥብ የኩርባው መካከል፣ እንደገና መውጣት የሚጀምርበት ደግሞ ነዳጅ የተሰጠበት ነው። የአራተኛው ዙር መስመር ዘግይቶ የሚወድቅ፣ ዘግይቶም የሚነሳ ከሆነ ነገሩ ተረጋገጠ፤ የሚቀጥለው ሥራም ፍሬኑን ጥቂት ሜትሮች ቀደም ብሎ ይዞ ነዳጁን ቀደም ብሎ መስጠት ነው። በሚቀጥለው ዙር የሚቀየረው ይህ አንድ ነገር ብቻ ይሁን። የጎማ አየርም፣ የአነዳድ መስመርም፣ የፍሬን ቦታም አንድ ላይ ከተቀየሩ ሰዓቱ ቢሻሻል እንኳ ያሻሻለውን ማወቅ አይቻልም።

በአንድ ጠዋት ውስጥ የተያዙ ዙሮችን ማወዳደር ይታመናል፣ የጂፒኤሱ ስህተት ቀስ ብሎ ስለሚለዋወጥ ሁሉንም ዙሮች በተቀራራቢ መጠን ይነካቸዋልና። የተለያዩ ቀናትን ሲያወዳድሩ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ ኮኖቹ ግማሽ ሜትር ቢዛወሩ፣ ነፋስ ያመጣው አሸዋ ሳይጠረግ ቢቀር ወይም አየሩ ቢሞቅ ሰዓቱ ይለያያል። ሞቃት አየር ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ኃይሉ ይቀንሳል፤ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ድሬዳዋ የተያዘ ሰዓትም ከእርሷ በብዙ መቶ ሜትር ከፍ ብላ ከምትገኘው ሐረር ጋር አይወዳደርም።

ፋይሎቹን ሲያስቀምጡ ሰዓቱን ልብ ይበሉ። ጂፒኤስ የሚጠቀመው ዓለም አቀፉን ሰዓት ስለሆነ፣ አንዳንድ ፋይሎች እኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል የምንለውን 4:30 ብለው፣ ስልኩ ደግሞ 7:30 ብሎ ሊጽፈው ይችላል፤ ቀኑም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ስለዚህ ለየፋይሉ በእኛ አቆጣጠር ስም መስጠት፣ በደብተርም ላይ ከመነሳት በፊትና ከተመለሱ በኋላ የተለካውን የአራቱንም ጎማ አየር፣ የተቀየረውን አንድ ነገርና በሚቀጥለው ጊዜ የሚሞከረውን አንድ ኩርባ መጻፍ ያስፈልጋል።