የካንሳይን መስመጥ በሳተላይት ሲለኩ የሚሠሩ ስህተቶች

ጃፓን ውስጥ ያለው የኦሳካው ካንሳይ ኤርፖርት የተሠራው ባሕር ተሞልቶ በተፈጠረ ደሴት ላይ ነው። ሥራ የጀመረው በፈረንጆቹ 1994 ነው። መስመጡ እንደማይቀር መሐንዲሶቹ ቀድመው ያውቁ ነበር፤ የመጀመሪያው ደሴት እስካሁን ከ13 ሜትር በላይ ወርዷል። ዛሬ ሴንቲኔል 1 የተባለው ሳተላይት የሚያነሳውን የራዳር ምስል ማንም በነፃ አውርዶ ይህን ልለካ ማለት ይችላል። ከምስሉ የሚወጣው ባለቀለም ካርታ ግን በቀላሉ ያሳስታል።

ትልቁ ስህተት የማነጻጸሪያ ነጥቡ ላይ ነው። ራዳሩ የሚነግርዎ አንዱ ቦታ ከሌላው አንጻር ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ብቻ ነው። ነጥቡን እዚያው ደሴቱ ላይ ካደረጉት እሱም አብሮ ይሰምጣል፤ ካርታው «ሰላም ነው» ይልዎታል። ወደ የብስ ልውሰደው ቢሉ ደግሞ መሃል ላይ ባሕር አለ፤ ውሃ ላይ ልኬቱ ይቋረጣል። ስለዚህ ደሴቱ ላይ ከተወሰደ የጂፒኤስ ልኬት ጋር ማመሳከር ግድ ነው።

ጣሪያን እንደ መሬት መቁጠርም አለ። የተርሚናል 1 ዓምዶች ሥር ክሪክ አለ። አንዱ ወገን ከሌላው በላይ ሲሰምጥ ዓምዱን በክሪክ አንስተው ከሥሩ ብረት ይጨምራሉ። ራዳሩ የሚያየው ጣሪያውን ነው። መሬቱ እየወረደ ጣሪያው ከፍ ይላል ማለት ነው! ዓምዱ መቼ እንደተነሳ ሳይጠይቁ ሪፖርት የጻፉ እንደሆነ ጉድ ፈላ።

ማኮብኮቢያው ምስሉ ላይ ጠቆር ቢል አይደንግጡ። ለስላሳ አስፋልት ጨረሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ያነጥረዋል። ደህና ምልክት የሚመልሱት ዳር ዳሩን ያሉት መብራቶችና ሰሌዳዎች ናቸው። በመካከላቸው ያለውን በቀለም ሞልቶ «ለካሁት» ማለት ግን፣ በእኔ እምነት፣ ማጭበርበር ነው።

የሴንቲኔል 1 ሞገድ 5.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። መሬቱ በሳተላይቱ እይታ አቅጣጫ የዚያን ግማሽ ሲሄድ ምልክቱ አንድ ዙር ጨርሶ እንደ አዲስ ይጀምራል። በኋላ የተጨመረው ሁለተኛው ደሴት በዓመት 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወርዳል። በየ12 ቀኑ ምስል ካለ ችግር የለም። ሁለት ሦስት ወር ከተዘለለ ግን ዙሩ ይጠፋና መስመጡ የቀነሰ ይመስላል። ሳተላይቱ የሚያየው በጎን መሆኑንም አይርሱ፤ የሚሰጠው ቁጥር ቀጥታ ወደ ታች የተለካ አይደለም።

አማካይ ቁጥር ብቻ ይዞ መሄድም አይበቃም። ለማኮብኮቢያው አደጋው በጎረቤት ነጥቦች መካከል ያለው ልዩነት ነው። ደሴቱ እኩል ከሰመጠ አውሮፕላኑ ምንም አይለው፤ ባሕሩ ግን አይምረውም። በ2018 ጄቢ የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ ማዕበሉ ባሕሩን የሚከላከለውን ግንብ ተሻግሮ ማኮብኮቢያውን አጥለቀለቀው። ከዚያ በኋላ ግንቡን ከፍ አደረጉት።