ጅማ ቤት የምትከራዩ፣ ዝናብ ጠብቁ

ለሥራም ለትምህርትም ወደ ጅማ የምትመጡ፣ ደላላው «ቶሎ ካልያዛችሁት ያመልጣችኋል» ቢላችሁም አትቸኩሉ። ጅማ ዝናብ አይለያትም፤ በጋ ላይ ያማረ ቤት ክረምት ሲገባ ጉዱ ይወጣል። ስለዚህ ዝናብ እንዳባራ ሄዳችሁ እዩት። ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብላችሁ ግድግዳውን በመዳፋችሁ ዳብሱት፤ ከረጠበና ቀለሙ ከተላጠ ፍራሽና ልብስ ያሻግታል። ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ካለ ጣሪያው ያፈሳል። ውሃ በስንት ቀን እንደሚመጣ አከራዩን ሳይሆን ነባር ተከራዮችን ጠይቁ፣ እውነቱን የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው። ከመነሳታችሁ በፊት ከነበራችሁበት ቀበሌ መሸኛ ያዙ፤ ያለሱ መታወቂያ ማውጣት ያንከራትታል። የቤት ዕቃ ሐሙስ ሸምቱ፣ ትልቁ የገበያ ቀን ነው። በኦሮምኛ «ገለቶማ» (አመሰግናለሁ) ማለትንም ቶሎ ልመዱ፤ ጎረቤት ያቀርባል።