ካርፔት አኔሞንን በቀለም መለየት፦ ከመግዛታችሁ በፊት ምኑን ታያላችሁ?

ካርፔት አኔሞን፣ ማለትም በባሕር ውሃ ገንዳ የሚረባው ምንጣፍ መሰል ተናዳፊ እንስሳ፣ የሚሸጠው በቀለሙ ነው፤ ገንዳችሁ ውስጥ መኖር አለመኖሩን የሚወስነው ግን ዝርያው ነው። «ሰማያዊ ካርፔት» ተብሎ የተለጠፈበት እንስሳ ሃዶኒ የሚባለው ዝርያ ሊሆን ይችላል፣ ጊጋንቲያ የሚባለውም ሊሆን ይችላል። ሃዶኒ እግሩን፣ ማለትም የሚጣበቅበትን የታችኛውን ክፍል፣ የሚቀብርበት ጥልቅ አሸዋ ይሻል። ጊጋንቲያ ደግሞ እግሩን የሚያስገባበት የድንጋይ ስንጥቅ፣ ኃይለኛ ብርሃንና ኃይለኛ የውሃ ፍሰት ካላገኘ እየመነመነ ይሄዳል። ስለዚህ ሥራው ቅደም ተከተል አለው፦ መጀመሪያ መብራቱ ይስተካከላል፣ ቀጥሎ እንስሳው ከሥሩ ይታያል፣ ስለ ቀለሙ የሚወራው ከዚያ በኋላ ነው።

ነጩ መብራት ይብራ

የሱቅ ገንዳዎች ብዙውን ጊዜ የሚበሩት 450 ናኖሜትር አካባቢ ባለ ሰማያዊ መብራት ነው። በእሱ ሥር ሁሉም ነገር ውድ ይመስላል። ሻጩ ነጩን እንዲያበራላችሁ ጠይቁ፤ የቀን ብርሃን የሚመስለው 6500 ኬልቪን ይበቃል። እምቢ ካለ ነጭ የእጅ ባትሪ ከጎን አብሩበት።

የአኔሞን ቀለም ከአንድ ምንጭ አይመጣም። ቡናማው የሚመጣው ሥጋው ውስጥ ከሚኖረው ዙዛንቴላ ከተባለው አልጌ ነው። አረንጓዴው በአብዛኛው ፍሎረሰንት ፕሮቲን ነው፤ ሰማያዊ ብርሃን ተቀብሎ አረንጓዴ አድርጎ ይመልሳል። በነጭ መብራት ፈዛዛ የሚመስለው እንስሳ በሰማያዊ መብራት ሥር የሚያበራው በዚህ ምክንያት ነው። ሐምራዊና ሰማያዊ መልክ የሚሰጡት ፕሮቲኖች ግን ብዙዎቹ አያበሩም፤ ከብርሃኑ የተወሰነውን ውጠው ቀሪውን ብቻ ይመልሳሉ። እነሱን በትክክል ለማየት ሙሉ ብርሃን ያስፈልጋል። ግራጫ ሃዶኒ «ብሉ ሃዶኒ» ተብሎ በእጥፍ ዋጋ የሚቀርበው ገዢው በሰማያዊ መብራት ብቻ ስላየው ነው።

ከርቀት የምትገዙ ከሆነ በነጭ መብራት የተቀረጸ ቪዲዮ ጠይቁ። የስልክ ካሜራ ሰማያዊ ብርሃንን ስለሚያጋንን በሰማያዊ መብራት የተነሳ ፎቶ ለመፍረድ አይጠቅምም።

ከሥሩ መመልከት

ፊት ለፊት የሚታየው ሰፊው ገጽ ነው፤ መሐሉ ላይ አፍ አለ፣ ቀሪውን ቴንታክል የሚባሉት ጥቃቅን ጣቶች ሸፍነውታል። መታወቂያው ያለው ግን ከገጹ ሥር ባለው ግንድ ላይ ነው። በመስታወቱ ጎን ሆናችሁ ተመልከቱ፤ ካልታየ ሻጩ ጠርዙን በፕላስቲክ ዘንግ ቀስ አድርጎ ያንሳላችሁ። በባዶ እጅ አይነካ፦ ይናደፋል፣ ከቆዳ ጋር ተጣብቆም የራሱ የአኔሞኑ ጣቶች ይበጠሳሉ። ጓንት ግዴታ ነው።

የሃዶኒ ግንድ ነጣ ያለ ነው፤ በላዩ ያሉት ኪንታሮት መሰል እብጠቶች ትናንሽ ናቸው፣ ከግንዱ ቀለምም ብዙ አይለዩም። ጣቶቹ አጭርና ጫፋቸው ድብልብል ነው። በገጹ ዳር ዳር ከሌሎቹ ረዘም ያሉ ጣቶች በየመሐሉ ይታያሉ። ገጹ በጥልቀት ይታጠፋል።

የጊጋንቲያ እብጠቶች ጎልተው ይታያሉ፤ ሰማያዊ ወይም ጥቁር ቀይ ናቸው፣ ግንዱ ደግሞ ቢጫ፣ ሮዝ ወይም ቡናማ ሊሆን ይችላል። ጣቶቹ ከሃዶኒ ትንሽ ረዘም ብለው ወደ ጫፍ ይቀጥናሉ፤ ጤነኛ ሲሆን የውሃው ፍሰት ሲደክምም እንኳ ይንቀጠቀጣሉ። ይህ መንቀጥቀጥ ከቀለም ሁሉ የተሻለ ምልክት ነው።

ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ ነጠብጣብ በግንዱ ላይ ቁልቁል ተደርድሮ ካያችሁ ሜርቴንሲ የሚባለው ሌላ ዝርያ ነው፤ ገጹ ከ1 ሜትር በላይ ሊሰፋ ስለሚችል ለቤት ገንዳ አይሆንም፣ እለፉት።

ታፔተም የሚባለው ዝርያ በጣም ትንሽ ነው። ገበያው ሚኒ ካርፔት ወይም ማክሲ ሚኒ ይለዋል፤ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ነው፣ ጣቶቹም እንደ ጨሌ ክብ ናቸው። አኔሞን ውስጥ ለሚኖረው ዓሣ፣ ለክላውንፊሽ፣ ቤት አይሆንም። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ጫጩት ሃዶኒ በሚኒ ካርፔት ስም ይሸጣል፣ አድጎም ዓሣዎቻችሁን ይበላል። የሃዶኒ ጠርዝ ገና በትንሽነቱም ይታጠፋል፣ ሲነካም አጥብቆ ይይዛል።

ቀለሞቹ

ሃዶኒ በብዛት የሚመጣው ቡናማና አረንጓዴ ሆኖ ነው። ባለ ሁለት ቀለሙ የተለመደ ነው፤ ከአፉ ወደ ጠርዙ የሚሄዱ ነጣ ያሉ ረድፎች አሉት፣ ወይም ግራጫና አረንጓዴ ጣቶች ተቀላቅለው ይታዩበታል። እውነተኛ ሰማያዊ የሚባለው በነጭ መብራት ሥርም ሰማያዊነቱን የሚይዘው ነው፤ አፉ አካባቢ ፈዘዝ ቢል ችግር የለውም። ቀዩ ብርቅ ነው፣ ዋጋውም እንዲሁ። በነጭ መብራት የወይን ጠጅ መልክ ካልሰጠ ወደ ቀይ ያደላ ቡናማ ነውና የቡናማ ዋጋ ብቻ ክፈሉ።

ጊጋንቲያ ከሃዶኒ ይልቅ ወጥ ቀለም ይይዛል፦ ቡናማ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ፣ ጥልቅ ሰማያዊ። ጫፋቸው ብቻ ሐምራዊ የሆኑ ቡናማ ጣቶች ያሉትን ሻጮች «ሐምራዊ» ይሉታል። ጫፍና ሙሉ ቀለም አንድ ዋጋ አያወጡም፤ ጣቱን ከሥሩ እስከ ጫፉ ተመልከቱ።

ታፔተም ላይ ወጥ ቀለም ሳይሆን ዝንጉርጉርነት ነው የሚፈለገው። ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴና ሐምራዊ በአንድ ገጽ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። ከሦስቱ ለጀማሪ የሚሻለውም እሱ ነው።

የተነከረና የነጣ

ሎሚ ቢጫ፣ የከረሜላ ሮዝ ወይም የቀለም ብዕር ሰማያዊ የመሰለ ካርፔት ካያችሁ ተጠራጠሩ። የተፈጥሮ ቀለም ጣቶቹና ገጹ ላይ ይበረታል፣ ግንዱ የተለየ ወይም የፈዘዘ ይሆናል። በቀለም የተነከረው ግን አፉም፣ ግንዱም፣ እግሩም አንድ ዓይነት ነው፤ ሥጋው ብርሃን ያሳልፋል፣ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ የሚነከረው አልጌውን ቀድሞ ያጣ እንስሳ ነው። ቀለሙ በሳምንታት ውስጥ ይለቃል፣ ከሥሩም ነጭ የተራበ አኔሞን ይወጣል።

ነጭ ካርፔት የሚባል የቀለም ዓይነት የለም። ነጭ ማለት አልጌው የለም ማለት ነው። እንዲህ ያለውን መግዛት የሚያዋጣው አፉ ጥብቅ ከሆነ፣ እግሩ ካልተቀደደና ምግብ ሲነካው ከያዘ ብቻ ነው። የማይጣበቅ ነጭ አኔሞን እየሞተ ነው። የሚተርፈው ከ1 ሴንቲሜትር ያነሰ የሽሪምፕ ቁራጭ በ2 ወይም 3 ቀን አንዴ እየተሰጠው በዝግታ ያገግማል፤ መልኩ እስኪመለስ ወራት ይፈጃል።

ቤት ከገባ በኋላ

የመንገድ ድካም መልክ ይቀይራልና ቀለሙን ለመፍረድ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ጠብቁ። ውሃው 25 ወይም 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የጨው መጠኑ በስፔሲፊክ ግራቪቲ (ከንጹህ ውሃ አንጻር ባለው ጥግግት) 1.025 ወይም 1.026፣ ናይትሬቱ ከ5 እስከ 10፣ ፎስፌቱ ከ0.03 እስከ 0.1 ፒፒኤም (ከሚሊዮን አንድ እጅ) ይሁን። ብርሃኑን ከ100 እስከ 150 ፓር (አልጌው ሊጠቀምበት የሚችለው ብርሃን መለኪያ) ጀምሩ፤ በ3 ወይም 4 ሳምንት ውስጥ ወደ 250 እና ከዚያ በላይ አሳድጉት። ለሃዶኒ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር አሸዋና ቢያንስ 300 ሊትር ውሃ አዘጋጁ።

አረንጓዴው ወደ ቡናማ ከዞረ ብርሃን አንሶታል ወይም ናይትሬትና ፎስፌት በዝተዋል፤ አልጌው ተባዝቶ ፕሮቲኑን ሸፍኖታል። ከገረጣ ደግሞ ብርሃኑ በአንዴ ጨምሯል፣ ሙቀቱ ከ28 ዲግሪ አልፏል፣ ወይም ናይትሬቱ ዜሮ አጠገብ ደርሷል። ሁለቱን አታምታቱ፦ ለገረጣ አኔሞን «ብርሃን ይጨመርለት» የሚለው ምክር ጨርሶ ይገድለዋል።

ለውጡን በዓይን ግምት መከታተል አይቻልም። በየ2 ሳምንቱ፣ ሰማያዊውን አጥፍታችሁ፣ ነጭ የፕላስቲክ ቁራጭ አጠገቡ አስቀምጣችሁ ፎቶ አንሱ። ፕላስቲኩ በሁለቱም ፎቶዎች እኩል ነጭ ሆኖ ከታየ የተለወጠው አኔሞኑ ነው፤ ፕላስቲኩም ከተለወጠ የካሜራው ወይም የመብራቱ ሥራ ነው።